የማከማቻ ኔትወርክን በአስተዳደር ክልል መከለል፦ ከወረቀቱ ሥራ እስከ ማፍረሱ

የብዙ ድርጅቶች የማከማቻ ኔትወርክ፣ ማለትም ሰርቨሮችን ከዲስኮች ጋር የሚያገናኘው መረብ፣ የጋራ ጓዳ ነው። የሒሳቡም ክፍል፣ የኢሜይሉም፣ የመጠባበቂያ ቅጂውም ሠራተኛ «አድሚን» በሚለው በዚያው ስምና በዚያው የይለፍ ቃል ይገባል። አንዱ የራሱን ፖርት የዘጋ መስሎት የሌላውን ይዘጋል፤ የኢሜይሉ ሰርቨር ዲስኩን ያጣል። ከዚያ የሚነሣው ክርክር ጥፋቱ የማን ነው የሚል ነው። ማሽኑን ቢጠይቁትም አይመልስም፤ የገባው ሁሉ «አድሚን» ነበርና።

ለዚህ ችግር ብሮኬድ የተባለው የፋይበር ቻናል (የማከማቻ ኔትወርክ የሚዘረጋበት ቴክኖሎጂ) ስዊች አምራች ፋብሪክ ኦኤስ ከሚባለው የስዊቹ ሥርዓተ ክወና ከ5.2.0 እትም ጀምሮ «አድሚን ዶሜይን» የሚባል መላ አምጥቷል። እኔ «የአስተዳደር ክልል» እለዋለሁ። ቃሉ ፖለቲካ ቢያስታውስም ከዚህ የሚቀርብ አላገኘሁም፤ በፋይበር ቻናል ዓለምም ልክ እንደ አገራችን አወቃቀር ዞን የሚባለው ከክልል በታች ነው። የትኛው ሰርቨር ከየትኛው ዲስክ ጋር ይገናኝ የሚለውን የሚወስነው ዞኑ ነው። ያንን ዞን የማዋቀር ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ክልሉ ነው። ክልል ሠርቼ ዞን ተውኩ የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ መሣሪያዎቹ ሊነጋገሩ አልቻሉም፣ እሱም ገመድ ሲቀይር አመሸ።

«ዶሜይን» የሚለውን ቃል የምሸሽበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በፋብሪክ ውስጥ፣ ማለትም ተያይዘው እንደ አንድ ኔትወርክ በሚሠሩ ስዊቾች መካከል፣ እያንዳንዱ ስዊች ከ1 እስከ 239 ያለ «የዶሜይን ቁጥር» አለው። ያ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ትእዛዝ ሲያስገባ ይሳሳታል።

አንድ ማሳሰቢያም ልጨምር። ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በአነባበባቸው ነው፤ በስዊቹ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሾቹ ሆሄያት፣ ሰረዞቹን ሳይዘነጉ ነው የሚገቡት።

መጀመሪያ፦ ለእርስዎ ይሆናል ወይ?

አዲስ ኔትወርክ እየዘረጉ ከሆነ ይህን መንገድ አይጀምሩት። ከፋብሪክ ኦኤስ 6.2.0 ጀምሮ «ቨርቹዋል ፋብሪክ» የሚባል ጠንከር ያለ አማራጭ መጥቷል፤ አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊች ይከፍለዋል፣ አምራቹም ያዘነበለው ወደዚያው ነው። ሁለቱ ደግሞ አብረው አይኖሩም፦ ቨርቹዋል ፋብሪክ በበራበት ስዊች ላይ ክልል መፍጠር አይቻልም። ይህ መመሪያ የቆየ ስዊች ለወረሱ ወይም በክልል የተከፋፈለ ፋብሪክ ተረክበው ምን እንደሆነ ግራ ለገባቸው ነው። እንዲህ ዓይነት ስዊች ደግሞ በየማሽን ክፍሉ ሞልቷል። ብረቱ ቶሎ አያረጅም።

በፋብሪኩ ውስጥ ከ5.2.0 በታች ፈርምዌር (የፋብሪክ ኦኤስ እትም) የያዘ ስዊች ካለም ክልል የሚባል ነገር አያውቅም። መጀመሪያ እሱን ያሳድጉ ወይም ያውጡት።

ቁጥሮቹን ይያዙ። ክልሎች ከ0 እስከ 255 ይቆጠራሉ። ከ1 እስከ 254 ያሉት እኛ የምንፈጥራቸው ናቸው። ክልል 255 መላው ፋብሪክ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉንም ያያል፣ ሌሎቹን ክልሎች የሚፈጥረውና የሚያፈርሰውም ከዚያ ሆኖ ነው። ክልል 0 ደግሞ የተረፈው ሁሉ ማረፊያ ነው፦ ለማንም ያልተሰጠ መሣሪያ ሳይጠራ በራሱ እዚያ ይገኛል። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያስምሩበት፤ ከታች የምነግርዎት ጥፋት ከእሱ ነው የተወለደው።

ደረጃ 1፦ ወረቀትና እስክሪብቶ

ማሽኑ ላይ ከመቀመጥ በፊት ዝርዝር ያውጡ። «ፋብሪክሾው» ስዊቾቹንና የዶሜይን ቁጥራቸውን ይነግርዎታል። በእያንዳንዱ ስዊች ላይ «ስዊችሾው» ፖርቶቹን፣ «ኤንኤስሾው» በዚያ ስዊች ላይ የገቡትን መሣሪያዎች ያሳያል። «ሲኤፍጂሾው» አሁን ያሉትን ዞኖች ይዘረዝራል። ሁሉንም ወደ አንድ ሠንጠረዥ ይገልብጡና አራት ዓምድ ያድርጉለት፦ ስዊችና ፖርት፣ የመሣሪያው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (በ16 ሄክሳዴሲማል አኃዝ የሚጻፈው)፣ መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ ባለቤቱ የትኛው ክፍል እንደሆነ።

አራተኛው ዓምድ አስቸጋሪው ነው። ባዶ የሚቀሩ ረድፎች ይኖራሉ፤ «ይህ እኮ የድሮው ሰርቨር ነው፣ የማን እንደነበር እንጃ» የሚባሉ። ባለቤት ሳይገኝላቸው ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ። እኔ የምሠራው እያንዳንዱን ክፍል እየዞርኩ፣ ኃላፊውን ከረድፉ ፊት እያስፈረምኩ ነው። ቢሮክራሲ ይመስላል፣ ይታማልም። ነገር ግን ከቴክኒኩ ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ክልል ማለት በማሽን ላይ የተጻፈ ስምምነት ነውና፣ ስምምነቱ ከሌለ ማሽኑ የሚጽፈው ነገር የለም።

ዝርዝሩ ሲያልቅ በእያንዳንዱ ስዊች ላይ «ኮንፊግአፕሎድ» አስገብተው የአሁኑን ቅንብር ወደ ሌላ ኮምፒውተር ያስቀምጡ፤ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ይጻፉበት።

ደረጃ 2፦ የዶሜይን ቁጥሩን መቸንከር

መሣሪያዎችን በስዊችና በፖርት ቁጥር ለክልል የሚሰጡ ከሆነ የስዊቹ የዶሜይን ቁጥር መቼም መቀየር የለበትም። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ስዊቾቹ እንደገና ይደራደራሉ፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር ከፈለጉ አንዱ ሌላ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህን ለዕድል መተው አይገባም። በ«ኮንፊገር» ትእዛዝ ውስጥ የዶሜይን ቁጥሩ እንዲጸና የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩት። ይህን ለማድረግ ስዊቹ ለጊዜው መዘጋት አለበት። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት፣ በአንዱ ፋብሪክ ላይ ብቻ፣ ሌላኛው ሙሉ ጭነቱን መሸከሙን አይተው ይሥሩ። አንድ ፋብሪክ ብቻ ካለዎት አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ነባሪውን ዞን መዝጋት

የመጀመሪያውን ክልል ከመፍጠር በፊት ነባሪው ዞን (በሥራ ላይ ያለ የዞን ቅንብር በሌለ ጊዜ መሣሪያዎቹ ይነጋገሩ ወይስ አይነጋገሩ የሚለውን የሚወስነው) ወደ «መግባት ክልክል» መለወጥ አለበት። ክልል 0 ውስጥ መሆንዎን በ«ኤዲ --ሾው» ያረጋግጡ («ኤዲ» የአድሚን ዶሜይን ምህጻር ነው)፤ ካልሆኑ በ«ኤዲ --ሴሌክት 0» ይሻገሩ። ከዚያ «ዴፍዞን --ሾው» ብለው ያለበትን ሁኔታ ይመልከቱ፣ «ዴፍዞን --ኖአክሰስ» ያስገቡ፣ በ«ሲኤፍጂሴቭ» ያጽኑት።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። በፋብሪኩ ላይ የሚሠራ የዞን ቅንብር ካለ ምንም አይፈጠርም። ከሌለ ግን፣ ማለትም እስከ ዛሬ ሁሉም ከሁሉም ጋር ዝም ብሎ ሲነጋገር ከኖረ፣ «ሲኤፍጂሴቭ» ባሉበት ቅጽበት ሁሉም ሰርቨር ከዲስኩ ይለያል። «ሲኤፍጂሾው» ሲያደርጉ በሥራ ላይ ያለ ቅንብር ካላዩ መጀመሪያ ዞን ይሥሩ። ክልሉ ይቆይ።

ደረጃ 4፦ አባልነትን መምረጥ

ክልል ሦስት ዓይነት አባል ይቀበላል። ልዩነታቸው ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው።

በመለያ ቁጥሩ የገባ መሣሪያ፦ የክልሉ ሰው መሣሪያውን ማየትና በዞን ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ የተሰካበትን ፖርት ግን ማየት እንጂ ማዘዝ አይችልም። ገመዱ ወደ ሌላ ፖርት ቢዛወር አባልነቱ አብሮት ይሄዳል። በስዊችና በፖርት ቁጥር የገባ፣ ለምሳሌ «1,4»፦ የክልሉ ሰው ፖርቱን ራሱን መክፈትና መዝጋት፣ በዚያ ላይ የተሰካውንም መሣሪያ በዞን ማዋቀር ይችላል። ገመዱ ከተዛወረ ግን መብቱ ከፖርቱ ጋር ይቀራል። ሦስተኛው ስዊቹ ራሱ ነው። ስዊች የተሰጠው ሰው ሊያጠፋው፣ ሊያስነሣው፣ ፈርምዌሩን ሊቀይረው፣ ፖርቶቹን ሁሉ ሊቆጣጠር ይችላል። የሚገርመው፣ በስዊቹ ላይ የተሰኩትን መሣሪያዎች በዞን የማዋቀር መብት ግን አያገኝም። ስለዚህ «ስዊቹን ሰጥቼዋለሁ፣ ይበቃዋል» አይበሉ።

ከዚህ የሚወጣው የእኔ ደንብ ይህ ነው። አንድ ክፍል ብቻውን የሚጠቀምበት ሰርቨር በፖርት ቁጥር ይግባ። ሁለት ክፍሎች የሚጋሩት ዲስክ ወይም የቴፕ መሣሪያ ለሁለቱም በመለያ ቁጥሩ ይሰጥ፤ አንድ መሣሪያ በሁለት ክልል አባል መሆን ይችላልና። ፖርቱን ግን ለማናቸውም አይስጡ። ያኔ ሁለቱም ዞን ይሠራሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ፖርት መዝጋት አይችልም። የሁለቱ ክፍሎች ሰርቨሮችም ዲስኩን ስለተጋሩ ብቻ እርስ በርስ አይተያዩም። ስዊቾችን ከመላው ፋብሪክ አስተዳዳሪ በቀር ለማንም ባልሰጥ እመርጣለሁ፤ አንድ ክፍል ብቻውን የሚጠቀምበት ስዊች ካለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 5፦ መፍጠር፣ ሳይቋረጥ

አንድ ሌሊት የሆነብኝን ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት ውስጥ ለኢሜይል ክፍሉ ክልል 2ን ፈጥሬ ሰርቨሩንና ዲስኩን አባል አደረግሁ። ዞኑ እኮ አለ፣ ከዓመታት በፊት ነው የተሠራው ብዬ አጸናሁት። ሰርቨሩ በዚያው ደቂቃ ዲስኩን አጣ። ዞኑ በእርግጥ ነበር፤ የተቀመጠው ግን በክልል 0 ነበር። መሣሪያዎቹ ደግሞ ስማቸው ወደ ክልል 2 ሲገባ ከክልል 0 ወጥተዋል። ክልል 0 የሌለውን አባል ዞን አያስከብርለትም፤ ክልል 2 ውስጥ ደግሞ ገና ምንም ዞን አልነበረም። ምን እንደተፈጠረ እስኪገባኝ ድረስ ያየሁት የፋይበር ካርዱን መብራት ነበር፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ምንም አይነግርም።

መድኃኒቱ መሣሪያዎቹ ለጊዜው በሁለቱም ክልሎች እንዲኖሩ ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አይዝለሉ።

ሀ. በ«ኤዲ --ሴሌክት 255» ወደ መላው ፋብሪክ ይሻገሩ። የትእዛዝ መስመሩ መጀመሪያ ላይ የክልሉ ቁጥር ተጽፎ ሲያዩ ደርሰዋል። በ«ኤዲ --አድ» የሚዛወሩትን መሣሪያዎች በግልጽ የክልል 0 አባል ያድርጓቸው። እስከዚህ በራሳቸው ነበር የተገኙት፤ አሁን በስማቸው ተመዝግበው ይቆያሉ። በ«ኤዲ --አፕላይ» ያጽኑ።

ለ. «ኤዲ --ክሪኤት» ብለው የክልሉን ስም ወይም ቁጥር፣ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር፣ ካስፈለገም የስዊቾቹን ዝርዝር ይስጡ። ዝርዝሩ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል፤ አባላቱ በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ከላይ ነጥብ፣ ከታች ነጠላ ሰረዝ ባለው የላቲን ምልክት (;) ይለያያሉ፤ ነጠላ ሰረዙ ስዊችን ከፖርት የሚለይ ነውና።

ሐ. ከማጽናትዎ በፊት «ኤዲ --ሾው -ኤም 0» ብለው ያልጸናውን ለውጥ በዝግታ ያንብቡ፤ ሠንጠረዡን ከጎን ያስቀምጡ። ስሕተት ካዩ «ኤዲ --ትራንስአቦርት» ሁሉንም ይሰርዛል። ልክ ከሆነ «ኤዲ --አፕላይ»። «ኤዲ --ሴቭ» የሚባለው ዘመዱ ትርጉሙን ያስቀምጣል እንጂ በፋብሪኩ ላይ አያስከብርም፤ ይህን ሳያስተውሉ ቀርተው ክልሉ የት ሄደ የሚሉ ብዙ ናቸው።

መ. ወደ አዲሱ ክልል ይሻገሩና ዞኖቹን እንደገና ይሥሩ፦ «ዞንክሪኤት»፣ «ሲኤፍጂክሪኤት»፣ በመጨረሻ «ሲኤፍጂኢኔብል»። በአንድ ዞን ውስጥ አንድ የሰርቨር ካርድና የሚፈልገው ዲስክ ብቻ ይሁን፤ ይህ የቆየ ጥሩ ልማድ ነው።

ሠ. ሰርቨሩ ዲስኩን በሁሉም መንገድ እንደሚያይ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ከክልል 0 አሮጌዎቹን ዞኖች ያውጡ፣ ከዚያ በ«ኤዲ --ሪሙቭ» መሣሪያዎቹን ከክልል 0 ያሰናብቱ፣ ያጽኑ።

በሁለት ፋብሪክ የሚሠሩ ከሆነ ሁሉንም በአንዱ ላይ ጨርሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት።

ሲያልቅ «ኤዲ --ቫሊዴት» ይጠቀሙ፤ በክልሉ ተመዝግበው በኔትወርኩ ላይ የሌሉ አባላትን ያወጣልዎታል። የመለያ ቁጥር አንድ አኃዝ የተሳሳተበት መሣሪያ የሚገኘው እዚህ ነው። ለክልል 0 ግን አይሠራም።

ደረጃ 6፦ ሰዎቹን ማስገባት

«ዩዘርኮንፊግ --አድ» ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የሥራ ድርሻው፣ የሚገባባቸው ክልሎች ዝርዝር፣ ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቤቱ የሆነ ክልል። ለሒሳብ ክፍሉ ባለሙያ ዝርዝሩም ቤቱም ክልል 1 ይሁን። ለራስዎ ደግሞ ከ0 እስከ 255 ሙሉ ዝርዝር ያለው፣ ቤቱ 255 የሆነ መለያ ይፍጠሩ፤ በእንግሊዝኛው የፊዚካል ፋብሪክ አስተዳዳሪ የሚሉት ይህ ነው። እንዲህ ያለ መለያ ከሁለት ሰው በላይ አይያዝ፤ ከሁለት በታችም አይሁን፣ ሰው ይታመማል።

መለያው የሚፈጠረው በገቡበት ስዊች ላይ ብቻ ነው። የክልሎቹ መረጃ በፋብሪኩ ሁሉ ቢሰራጭም የሰዎቹ ግን እንደዚያ አይደለም። በየስዊቹ ይድገሙት፣ ወይም በማዕከላዊ የመለያ ሰርቨር ይሥሩ። ቤቱ የተደረገው ክልል ከተዘጋበት ሰውየው በዝርዝሩ ላይ ካሉት ክፍት ክልሎች ዝቅተኛ ቁጥር ወዳለው ይገባል፤ ስለዚህ ዝርዝር ሲሰጡ አይለግሱ።

በመጨረሻም የድሮው የጋራ «አድሚን» የይለፍ ቃል ይቀየር። ይህ ካልተደረገ ከላይ ያለው ድካም ሁሉ ጌጥ ነው።

ደረጃ 7፦ መፈተን

በሒሳቡ ባለሙያ መለያ ይግቡና «ኤንኤስሾው» ይበሉ፤ የእሱ መሣሪያዎች ብቻ መታየት አለባቸው። የእሱ ያልሆነ ነገር ግን ሥራ ላይ የሌለ ፖርት ይምረጡና ለመዝጋት ይሞክሩ፤ መከልከል አለበት። ካልተከለከለ ፖርቱ ወይ በሁለት ክልል ተመዝግቧል ወይ ስዊቹን ሳያስቡት ሰጥተውታል። ሳይሻገሩ የሌላ ክልል ሁኔታ ለማየት «ኤዲ --ኤግዜክ» አንድ ትእዛዝ በዚያ ክልል ዓይን አስፈጽሞ ይመልስልዎታል።

ክልልን ለጊዜው በ«ኤዲ --ዲአክቲቬት» መዝጋት ይቻላል፤ ግን እንደ ፈተና አይጠቀሙበት። በሌላ ክልል ያልተመዘገቡ አባላቱ ሁሉ ከዲስካቸው ይቋረጣሉ።

ደረጃ 8፦ ማፍረስ

ወደ ቨርቹዋል ፋብሪክ የሚሻገሩበት ቀን ይመጣል፤ ያኔ ክልሎቹ ሁሉ መጥፋት አለባቸው። የማፍረሱ መንገድ የመገንባቱ ግልባጭ ነው። መጀመሪያ የክልሉን መሣሪያዎች በግልጽ ወደ ክልል 0 ያስገቡ። በ«ዞን --ኮፒ» የክልሉን ዞኖች ወደ ክልል 0 ይቅዱ፣ ወደ ቅንብሩ ያስገቡና ያብሩት። ከዚያ በኋላ ወደሚጠፋው ክልል ተሻግረው የዞን ቅንብሩን በ«ሲኤፍጂዲሴብል» ያጥፉ፣ በ«ሲኤፍጂክሊር» ያጽዱ፣ በ«ሲኤፍጂሴቭ» ያጽኑ። ቀጥሎ ከ255 ሆነው «ኤዲ --ዲሊት» እና «ኤዲ --አፕላይ»። አባላትን አንድ በአንድ እያወጡ ለማፍረስ ካሰቡ ደግሞ የመጨረሻው አባል ሲወጣ ክልሉ ራሱ እንደሚጠፋ ይወቁ።

ቨርቹዋል ፋብሪክን ማብራት ራሱ ስዊቹን ዳግም ያስነሣል። ስለዚህ ክልሎቹን ያፈረሱበትንና ያንን የሚያበሩበትን በአንድ ሌሊት አያድርጉት፤ በመካከሉ «ኮንፊግአፕሎድ» ይሥሩ፣ ፋይሉንም በደረጃ 1 ካስቀመጡት ጎን ያኑሩት፣ የአሮጌውን ስም ሳይነኩ።